ሦስት አንጓ

አያ ደግሰው በስልሳ አራት ዓመታቸው ሰዓት አሰሩ። ሌላ ቤት ቢሆን ይኼ ወሬ አይሆንም። እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ጊዜን በጥላና በቤተ ክርስቲያን ደወል ሲያውቁ የኖሩ፣ ሰዓት ያሰረ ገበሬ ባዩ ቁጥር «ምነው፣ በሬዎቹ ቢሮ ይገባሉ?» እያሉ የሚያላግጡ ሰው ናቸው። ዓርብ ጠዋት፣ የልጃቸው የማኅሌት ሠርግ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከደርቡ በውጭው የድንጋይ ደረጃ ወርደው ምድር ቤት ገቡ። ነጭ ሽንኩርት ከምትልጠው ምራታቸው ከወለላ ፊት ቆሙና ግራ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ብረት ማሰሪያ ያለው ሰዓት ከእጃቸው አንጓ ተነሥቶ እየተንሸራተተ ክንዳቸው ላይ ደርሶ ቆመ።

«ይቺን ነገር እስቲ አሳጥሪልኝ። አልቆም አለችኝ» አሉ።

«የማን ናት አባዬ?»

«የማን ትሆናለች፤ የእኔ ናት። ለሠርጉ ብዬ ገዛኋት።»

«በስንት?»

ትንሽ አሰቡ። «በሰማንያ ብር» አሉና ሰዓቱን አውልቀው በሽንኩርቱ ወንፊት ጠርዝ ላይ አስቀመጡላት።

ወለላ ሰዓቱን አንሥታ በመዳፍዋ መዘነችው። ከባድ ነው። ይኼ የሰማንያ ብር ሰዓት አይደለም፤ የገበያው የሰማንያ ብር ሰዓት እንደ ቆርቆሮ ይቀላል፣ ክረምት ሳይገባም ይዝጋል። ደግሞስ እሳቸው ከየት አምጥተው ነው ሰማንያ ብር ለሰዓት የሚያወጡት? ባለፈው ቅዳሜ ለፍየል አራት ብር ጨምሩ ቢባሉ ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞረው፣ ፍየሉንም ሻጩንም ረግመው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሰው ናቸው። ቅቤ ኪሎው ሃያ ሁለት ብር ገባ ሲባል ለሠርግ ወጥ ዘይት ምን አለበት ብለው ከሚስታቸው ጋር ተኳርፈዋል። ወለላ ይህን ሁሉ በሆዷ አለች። በአፏ ግን «እሺ አባዬ፣ ሽንኩርቱን ልጨርስና» ነው ያለችው። እሳቸውም ደጅ ዳስ ወደሚተክሉት ሰዎች ሄዱ።

የሰዓት ማሰሪያ ማሳጠር ያስተማራት ባሏ አዝመራው ነው። አዝመራው ከቅዳሜ ገበያው መግቢያ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ጠረጴዛ አለችው፤ ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪ ይጠግናል። ማሰሪያ አሳጥርልኝ የሚል ደንበኛ ሲበዛበት ለገና በዓል ሰሞን እቤት ያመጣና ከእሷ ጋር ይሠራል። ከዘጠና አንድ መጋቢት ጀምሮ ግን ጠረጴዛዋ በርበሬ መሸጫ ሆናለች፤ እሱ ከሙጃው ልጅ ከጋሻዬና ከሌሎች ዘማቾች ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ ወደ ሰሜን ሄዷል። የመጨረሻው ደብዳቤ የመጣው ባለፈው ዓመት ግንቦት ሳይገባ ነው። በታኅሣሥ ሰላም ተፈረመ ተባለ። ከዚያ ወዲህ የየሰዉ ልጅ አንድ አንድ እያለ እየመጣ ነው፤ ያልመጣበትም ሰው «መንገድ ላይ ነው» ይላል። መንገዱ ረጅም ነው መቼም።

ሠርጉ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። መጀመሪያ አዝመራው ሲዘምት «ወንድሟ ሳይኖር» ተባለ። ቀጥሎ በልጉ ከሸፈና ድርቅ ሆነ፤ ሰው እርዳታ ስንዴ እየተሰለፈ ማን ይድራል? ሙሽራው ደሳለ በፍላቂት ከተማ አስተማሪ ነው። አባቱ በታኅሣሥ ሦስት ሽማግሌ ላኩ፤ ሽማግሌዎቹም ጠላቸውን ጠጥተው፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ሚኒባሱ ዋጋ ብዙ አውርተው ሊነሡ ሲሉ «እኛ እንጠብቃለን፤ ልጁ ግን እያረጀ ነው» አሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ለመተርጎም ቅኔ ቤት መግባት አያስፈልግም። ጥር ካለፈ ጾም ይገባል፣ ሦስተኛ ከተራዘመ ደግሞ ደሳለ ሌላ ያገባል። ማኅሌት ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ የእኩዮቿ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል።

ወለላ ሽንኩርቱን ልጣ ስትጨርስ ብርሃን ፈልጋ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ወስፌዋን፣ አዝመራው ትቶት የሄደውን ትንሽ መዶሻና መሐሉ የተበሳ የወይራ ጉማጅ አወጣች። ማሰሪያውን ገልብጣ አየችው፤ ከውስጥ በኩል አንጓዎቹ ላይ ትንንሽ ቀስቶች ተስለዋል፤ አንጓዎቹን የሚያያይዘው ስፒል የሚወጣው ቀስቱ ወደሚያመለክትበት ብቻ ነው። በተቃራኒው የመታ ሰው ማሰሪያውንም ስሙንም ያበላሻል ይላል አዝመራው። ሦስት አንጓ ትርፍ እንዳለው በዓይኗ ገመተች። ማሰሪያውን በጉማጁ ላይ አጋድማ የወስፌውን ጫፍ በቀዳዳው ላይ ደቅና በመዶሻው ቶክ አደረገችው። አልወጣም። ደገመችው። ስፒሉ ብቅ አለላት፤ በጥርሷ ነክሳ ሳበችው።

ስፒሉ ላይ ክር ተጠምጥሟል።

ቀጭን ክር ነው፤ ከእድፍና ከላብ ጠቁሯል፤ በጥፍሯ ስትጭረው ግን ሰም አለው። ወለላ ስፒሉን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ምንም አይሸትም፤ ብረት ብረት ይላል። የማሰሪያ ቀዳዳ ሲሰፋ ስፒሉ እየሾለከ ይወድቃል። ሌላው ጠጋኝ ጫፉን በመዶሻ ይደፈጥጠዋል፤ ደሴ ያሉት ደግሞ ሙጫ ይጨምሩበታል ይባላል። ከጧፍ ላይ አንድ ክር መዝዞ ሰሙ ሳይለቅ ስፒሉ ላይ ሦስት ጊዜ የሚጠመጥም ግን አዝመራው ብቻ ነው። እናቱ አመተ ሥላሴ ጧፍ እየፈተሉ ለቤተ ክርስቲያን ስለሚሰጡ እቤት ጧፍ አይጠፋም። በያዙት ቁጥር «የመቅደሱን ጧፍ በሰዓት ሆድ ውስጥ? ኋላ ቄስ ጠርተህ አስቀድስበት!» ይሉታል፤ እሱም ስቆ ሌላ ይመዛል። ሲሄድ ሰዓት አልነበረውም። የሰው ሰዓት እያየሁ የራሴን ምን አደርገዋለሁ ብሎ በባዶ እጁ ነው የሄደው። ይኼን እዚያ ሄዶ ገዝቶት መሆን አለበት። ገዝቶም በልኩ አሳጥሮታል።

ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ ይጮኻል ይባላል። ወለላ አልጮኸችም። ደጅ ካስማ ሲመቱ ይሰማታል፤ አንዱ «ወደ ታች ነው ያልሁህ» ይላል፤ ማኅሌት ደርቡ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ትስቃለች። ሁለተኛውን ስፒል አወጣች። እሱም ክር አለው። ሌላ ነገርም አሰበች። ሰዓቱ የሌላ ወታደር ይሆናል፤ አዝመራው ግንባርም ሆኖ ሲጠግን ኖሮ ይሆናል፤ ሥራውን መች ይተዋል? ወይም ሸጦት ይሆናል፤ ለመምጫ የሚሆን ቸግሮት። ይኼ አሳብ ትንሽ አቆማት። እንግዲህ መጠየቅ ነው ብላ ተነሣችና ሰዓቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ደጅ ወጣች።

አያ ደግሰው ከዳሱ ማዶ የወንበር አግዳሚ ያስቆጥራሉ። ሲያዩዋት ከሰዎቹ ተነጥለው መጡ።

«አባዬ፣ የሸጠልዎት ሰው ማን ነው? አንድ ስፒል ላልቷል፤ ትርፍ ካለው እንድጠይቀው ብዬ።»

«ከሙጃ የመጣ ልጅ ነው። ሄዷል» አሉ፤ ዓይናቸው ካስማው ላይ ነው።

ከሙጃ የመጣው ልጅ ጋሻዬ ነው። የጥምቀት ዋዜማ እሷ ውሃ ወርዳ ሳለ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። ስትመለስ «አዝመራው ሌላ የጦር ክፍል ነው ያለው፣ ደህና ነው አሉ» ተብሎ ተነገራት፤ እሷም ስላልጠበቃት ተቀይማው ነበር። ወለላ ልትመለስ ስትል አማቷ ጠሯት።

«ስሚ፣ ከማሰሪያው የሚወጡትን አንጓዎች አምጪልኝ። አንድም እንዳይጠፋ።»

«ብረት ናቸው እኮ አባዬ። ምን ያደርጉልዎታል?»

«ቢሆንም» አሉ አያ ደግሰው። «ቢሆንም አምጪልኝ።»

ከገበያ ሰዓት የገዛ ሰው የተረፈውን አንጓ አይለምንም። ወለላ ያን ጊዜ ነው ያረጋገጠችው።

የመጣባት ንዴት ነው። ባሏ ነው እኮ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ይኼ ሽማግሌ የባሏን ሞት በጋቢያቸው ሥር ይዘው ለፍየል ይከራከራሉ፣ አግዳሚ ያስቆጥራሉ፣ እሷን «ጨው ጨመርሽ?» ይሏታል። ሄዳ በሁሉም ፊት «የት ቀበሩት?» ልትላቸው ፈለገች። ግን ደግሞ ታውቃለች። መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ፊት ቀድሞ፣ ለእናትና ለሚስት ባንድ ላይ። ቀኑ እስኪመች ይደበቃል፤ መንገደኛ እስኪመለስ፣ አራስ እስክትነሣ፣ ሠርግ እስኪያልፍ ይደበቃል፤ ቀድሞ ያወጣው ሰው እስከ ዕድሜው ማብቂያ አፈ ክፉ ተብሎ ይኖራል። እሷ እዚህ ቆማ አንድ ጊዜ ብትጮኽ ዳሱ ዳስ እንደሆነ ይቀራል፤ አግዳሚውም፣ ጠላውም፣ እንጀራውም ለለቅሶ ይሆናል፤ አንድ ካስማ እንኳ መንቀል አያስፈልግም። ማኅሌት ብቻ ናት የምትነቀለው። ሌላም ነገር አለ፤ ለራሷም ቢሆን ማመኑ ደስ አይልም። ልጅ አልወለደችም። መርዶው እስኪነገር ድረስ የዚህ ቤት ምራት ናት፤ ከተነገረ በኋላ ልብሷን ቋጥራ ከአሸተን ማርያም በታች ወዳለው ወደ አባቷ ቤት የምትመለስ መበለት ናት። ንዴቱ እንደ መጣ ሄደ። በቦታው ምንም አልመጣም፤ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብዙ ሲቆይ እንደሚሆነው ሆነች።

ተመልሳ ደፉ ላይ ተቀመጠችና ሥራዋን ቀጠለች። ሦስቱን አንጓ አውጥታ በኩባያ ጨመረች። ከስፒሎቹ አንዱን ክር ሳይበጠስ ፈታችው፤ ከጥፍር የማይበልጥ ነው። የአንገቷን ማተብ ወደ ፊት ስባ ክሯን ከማተቡ ጋር ገምዳ ቋጠረቻት። ጥቁር በጥቁር ነው፤ አይታይም። ማሰሪያውን መልሳ ስታገጣጥመው ስፒሉ እንደሚሾልክ ገባት፤ ቀዳዳው ሰፍቷል። ገብታ ከአመተ ሥላሴ ሙዳይ ጧፍ አንሥታ አንድ ክር መዘዘች። አመተ ሥላሴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው የድስቱን ክዳን ይወለውላሉ። አዩዋት። ወለላ የተለመደውን ቁጣ ጠበቀች፤ ያውም በዓርብ፣ ያውም ሴት። አመተ ሥላሴ ክዳኑን ወደ ብርሃን አነሡና እንደገና መወልወል ጀመሩ። ወለላ ክሩን ሦስት ጊዜ ጠምጥማ ስፒሉን አስገባች፤ በመዶሻው ጫፍ አስተካከለችው፤ አያ ደግሰውን ጠራች።

ዳሱ ሥር፣ በሰዉ መሐል ነው እጃቸው ላይ ያሰረችላቸው። ልክ ሆነ። እጃቸውን አወዛወዙ፤ አልተንቀሳቀሰም። ካስማ የሚመታው ደባሱ የሚባል ጎረቤት «ኧረ ሙሽራው እርስዎ ነዎት!» አለና ሰዉ ሳቀ። አያ ደግሰውም ሳቁ፤ ሲስቁ በቀኝ እጃቸው ሰዓቱን ሸፍነውት ነው። ሦስቱን አንጓ ከኩባያው ላይ ተቀብለው በወገባቸው መቀነት ቋጠሩ፤ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቁት። ከዚያ ወለላን ቀና ብለው አዩና «እጅሽ ይባረክ» አሏት። ሊጨምሩ የፈለጉት ነገር ነበር። «አሁን ስንት ሰዓት ይላል?» ብለው ጠየቁ።

«ሰባት ተኩል አባዬ።»

«ሰባት ተኩል» አሉ። ከደወሉ ጋር ይስማማል አይስማማም ብለው አልተከራከሩም።

ከሰዓት በኋላ አመተ ሥላሴ ወለላን ጠርተው ፀጉሯን ሊሠሩ አስቀመጧት። የሙሽራዋ ወንድም ሚስት ናትና እሑድ ከፊት ከሚቆሙት አንዷ ናት፤ አንጨፍርራ መቆም አይሆንም። እሳቸው ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ፣ እሷ መሬት ቁርበት ላይ፣ በጉልበታቸው መሐል ተቀመጡ። ቤቱ የበርበሬና የተጠመቀ ጠላ ሽታ ሞልቶታል። በመሐል ከፍለው በሚዶ ሲያበጥሩ ብዙ ቆዩ። ከደርቡ የሴቶች ሳቅ ይመጣል፤ አንዷ «ጫማው ጠበበ» ትላለች፣ ሌላዋ «እግሩ ነው የሰፋ» ትላለች። ወለላ ዓይኗን ከጎታው ሥር ካለው ጭቃ ላይ አልነቀለችም። አማትና ምራት እንዲህ ሲቀመጡ ያወራሉ፤ ስለ ሰው ልጅ፣ ስለ ሰው ጥሎሽ።

«አሳጠርሽላቸው?» አሉ አመተ ሥላሴ ከኋላዋ።

«አዎ እማ።»

«ስንት አወጣሽ?»

«ሦስት።»

ሚዶው ቆመ። «እሱም እጀ ቀጭን ነበር» አሉ። «ከአባቱ ግን ይሻል ነበር።»

ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ በዚህ ቤት ስለ አዝመራው «ነበር» ብሎ ያወራ ሰው የለም። ለመስቀል አሰለች የምትባል ጎረቤት ረስታ «አዝመራው ጨዋታ ይወድ ነበር» ብትል አመተ ሥላሴ የያዙትን ዳቦ ሳይቆርሱላት ቆመው «ይወዳል በይ» ብለዋታል፤ አሰለችም «ይወዳል» ብላ ነው ዳቦዋን የበላች። ወለላ አሁን ዞር ልትል ሞከረች። አመተ ሥላሴ ፀጉሯን እንደያዙ ወደ ፊት መለሷት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እማ?»

«ጋሻዬ የመጣ ቀን። ጉልበቴን ሲስም አለቀሰ። ደህና ነው የሚል ሰው ጉልበት ስሞ አያለቅስም። እህልም አልቀመሰ።»

«አባዬ ያውቃሉ? እርስዎ እንደሚያውቁ?»

«የት ያውቃሉ! እኔን ሊያተርፉ ነው የሚደክሙት» አሉ፤ ድምፃቸው ሽሮ ስለማነሱ እንደሚናገሩ ያለ ነው። «ይድከሙ። አንቺን ደግሞ እኔ ልደብቅ ብዬ ነበር። ጧፉን ስትመዢ አየሁሽ።»

ወለላ ማልቀስ ያለባት አሁን እንደሆነ ታውቃለች። የአዝመራው እናት ከኋላዋ አሉ፤ ሌላ ሰው የለም፤ በሩ ገርበብ ብሏል። እንባው አልመጣም። የመጣው የማይረባ ጥያቄ ነው።

«ታዲያ ለምን ይሠሩኛል? በሳምንቱ ለሚላጭ ፀጉር።»

«ሰው ያያል» አሉ አመተ ሥላሴ። «እሑድ ትለፍ። ለቅሶው የትም አይሄድም።»

ጣቶቻቸው እንደገና መሥራት ጀመሩ። ሲጎነጉኑ ይስባሉ፤ ዱሮም እጃቸው ጠንካራ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሞቅ ያለ ነገር ፀጉሯ የተከፈለበት ላይ ጠብ አለ። ወለላ አልነካችውም። እሳቸውም በቅቤ ያሹት ይመስል በአውራ ጣታቸው አሹትና አለፉ።

በሩ በእግር ተገፍቶ ተከፈተ። ማኅሌት ናት፤ መዳፏና ጥፍሯ በእንሶስላ ስለተጠቀለለ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ ነው የገባችው። ፊቷ በርቷል። ደስታ ሰውን እንዲህ ያሳምረዋል። የዛሬ ሳምንት ይህች ልጅ ከፍላቂት ተጠርታ ትመጣለች፤ ስትስቅ ሁሉም ያውቁ እንደነበር ያን ጊዜ ትሰማለች፤ ይቅር ትላቸው እንደሆነ አይታወቅም።

«ምነው እናንተ?» አለች ማኅሌት። «ይኼ የሠርግ ቤት ነው ወይስ የለቅሶ? ማን ሞተባችሁ ብላችሁ ነው እንዲህ ዝም ያላችሁት? እልል በሉልኝ እንጂ!»

አመተ ሥላሴ ወለላን በጉልበታቸው ጎሸም አደረጓት።

«እልል በይላት» አሉ አመተ ሥላሴ።

ወለላ አፏን ከፈተች። ድምፁ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ወጣ፤ አመተ ሥላሴም ከኋላዋ ተቀበሏት። ሦስት ጊዜ እልል አሉ። ደርቡ ላይ ያሉት ሴቶች መለሱ፤ ዳሱ ሥር ያሉት ወንዶች «እሰይ!» አሉ፤ ከወንዶቹ መሐል የአያ ደግሰው ድምፅ ከሁሉም ጎልቶ ተሰማ። ማኅሌት «እንዲህ ነው እንጂ» ብላ፣ እንሶስላዋ እንዳይነካ በክርኗ በሩን ገፍታ እየሳቀች ወጣች።

አመተ ሥላሴ የያዙትን ጉንጉን እስከ ጫፉ ጨርሰው ቋጠሩት። ከዚያ የወለላን ራስ በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ሌላው ጎን አዞሩት።

«ገና ግማሹ ነው» አሉ።